ልጄ ዝም አለች፤ ምን ላድርግ? (ገላንና አካባቢው ያላችሁ)

የጋቢናው | ማክሰኞ ማታ 4፡10

ሰላም ለሁላችሁ። እዚህ ቤት ዝም ብዬ አነባለሁ እንጂ ጽፌ አላውቅም። ዛሬ ጨንቆኝ ነው።

የሚኒባስ ሹፌር ነኝ። ሦስት ልጆች አሉኝ። ትልቋ ሴት ናት፤ 14 ዓመቷ ነው፣ ስምንተኛ ክፍል፣ ዘንድሮ ሚኒስትሪ ተፈታኝ። ሁለቱ ወንዶች 9 እና 6 ናቸው። እናታቸው ቤይሩት ከሄደች ሦስት ዓመት ሊሞላት ነው። የካዛንቺስ ሰዎች ነን፤ በ2017 መጀመሪያ ሰፈሩ ሲነሣ ወደዚህ ወደ ገላን መጣን። ቤቱን አልጠላሁትም። ሽንት ቤቱ የራሳችን ነው፤ ካዛንቺስ ለስምንት አባወራ አንድ ነበር። ችግሬ ልጅቷ ናት።

ዝም አለች። አኩርፋ ቢሆን አውቀው ነበር። ትጠየቃለች፣ «እሺ» ትላለች፣ የታዘዘችውን ትሠራለች፤ በቃ። ያቺ ልጅ አፏ አያርፍም ነበር እኮ፤ ጎረቤት «ሬዲዮ» ነበር የሚላት። አሁን ከትምህርት ቤት ትመጣለች፣ ሥራዋን ትጨርሳለች፣ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ትተኛለች። እናቷ በኢሞ ስትደውል ትስቃለች፤ ስልኩ ሲዘጋ ፊቷም አብሮ ይዘጋል።

ከአምስተኛ ወደ 23ኛ ወረደች። ባለፈው ሳምንት ዩኒት ሊደሩ አስጠርቶኝ «ስድስት ቀን ቀርታለች» አለኝ። እኔ ሌሊት 11 ሰዓት ስለምወጣ መቼ እንደቀረች እንኳ አላውቅም። ያን ቀን ማታ መታኋት። አልዋሽም፤ አንድ ጥፊ። ከዚያ ወዲህ ባሰ።

ብሎክ_ሰባት | ማክሰኞ 4፡25

ወንድሜ ስልኳን ንጠቃት! የኔዋም እንዲሁ አድርጓት ነበር። ቲክቶክ ነው፤ ሌላ ምንም አይደለም። አንድ ሳምንት ደበቅሁባት፣ ልብ ገዛች።

የጋቢናው | 4፡31

እትዬ፣ ስልክ የላትም። ከእናቷ ጋር የምታወራው በኔ ነው።

ብሎክ_ሰባት | 4፡33

ኧረ? እንግዲያው ጸበል ውሰዳት።

የድሮ_ሰው | 4፡50

በኛ ጊዜ ድብርት ምናምን የሚባል ነገር አልነበረም። እናት ውሃ ቅጂ ትላለች፣ ይቀዳል። ዛሬ ልጅ ሁሉ ሳይኮሎጂስት ይፈልጋል።

ሲስተር_ከአቃቂ | ማክሰኞ 5፡15

@የድሮ_ሰው ነበር እንጂ፤ ስሙ ነው ያልነበረው። «ሆድ ባሳት»፣ «ዛር ነው»፣ «ከፍቷት ነው» ይባል ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ከአእምሮ ጤና ችግሮች ሲሶ ያህሉ የሚጀምሩት 14 ዓመት ሳይሞላ፣ ግማሽ ያህሉ ደግሞ 18 ሳይሞላ ነው፤ አብዛኛው ግን ሳይታወቅ ሳይታከም ያልፋል።

@የጋቢናው፣ ጸበሉን ማንም አልከለከለህም፤ አስጠምቀህም ጤና ጣቢያ መውሰድ ትችላለህ። አንዱ ሌላውን አይተካም። እኔ ነርስ ነኝ፤ ሳላያት ይህ ነው ልልህ አልችልም፤ ግን የምጠይቅህ አለ። ይህ ነገር ከሁለት ሳምንት አልፎታል? እንቅልፏስ? እህል ትበላለች? በፊት የምትወደውን ነገር ተወች? የጉርምስና አመል ይመጣል ይሄዳል፤ ጠዋት አኩርፋ ከሰዓት ትስቃለች። ሁለት ሳምንት ሙሉ አብዛኛውን ቀን ካልለቀቃት፣ ትምህርቷንም ከነካ፣ ያ አመል አይደለም።

አንድ ከባድ ነገር ልጨምር፤ አትደንግጥ። «መኖር አስጠልቶሽ ያውቃል?» ብለህ ጠይቃት። ሰው ሁሉ «ሐሳቡን እሰጣታለሁ» ብሎ ይፈራል። መጠየቅ ሐሳቡን አይዘራም፤ ካለባት ግን መውጫ ይሰጣታል። አለ ካለች ለነገ ሳትል ወደ ሕክምና፣ ለብቻዋም አትተዋት።

ጤና ጣቢያ ስትሄዱ ወጣት ተኮር አገልግሎት ያለበትን ክፍል ጠይቅ። «አማኑኤል ሊወስዳት ነው» ብለው ጎረቤቶች ቢያሙህ ስቀህ እለፍ። አማኑኤል ሆስፒታል ለብዙ ዘመን ብቻውን ስለነበር ስሙ ስድብ ሆኖ ቀረ እንጂ ዛሬ የአእምሮ ሕክምና ጥቁር አንበሳም፣ ጳውሎስም፣ ዘውዲቱም አለ። መጀመሪያው ግን ጤና ጣቢያ ነው።

ጀሞ_ያደግኩ | ረቡዕ ጠዋት 2፡40

ጋሼ፣ 19 ዓመቴ ነው። እኛ ከአራት ኪሎ ጀሞ ኮንዶሚኒየም ስንገባ እኔ የልጅዎ ዕድሜ አልነበርኩም፤ ታላቅ እኅቴ ግን ነበረች፤ የሷን አስታውሳለሁ። ምክር የለኝም፤ ጥያቄ ብቻ ልጠይቅ።

እንጀራ የሚጋግረው ማነው? የወንዶቹን ልብስ የሚያጥበው ማነው? ትንሹ ሌሊት ሲነቃ የሚጠራው ማንን ነው?

የጋቢናው | ረቡዕ 3፡05

እሷ ናት። ሁሉንም።

የጋቢናው | ረቡዕ 3፡06

እኔ ጎበዝ ልጅ አለችኝ ብዬ ለሰው አወራለሁ።

ጀሞ_ያደግኩ | ረቡዕ 3፡30

ጎበዝ ናት። ግን ጋሼ፣ እናታቸው የሄደች ዕለት ቤቱ ውስጥ ሌላ እናት ተሾመች፤ ዕድሜዋም 11 ነበር። ለሹመቱ ማንም አልጠየቃት።

እኅቴ ማለት፣ አራት ኪሎ እያለን ከሥራ ሸሽታ የምትሄድበት ቤት ነበራት። እትዬ አንዷ ጋ ቡና ይፈላል፣ እሷ ጥግ ቁጭ ብላ ወሬ ትሰማለች። ልብስ ስታጥብ እንኳ ግቢው ውስጥ አራት ልጆች አብረው ነው የሚያጥቡት፤ እየተረጫጩ። ያው ሥራ እኮ ነው። ጀሞ ስንገባ ያንኑ ልብስ መታጠቢያ ቤት ውስጥ በሩን ዘግታ ብቻዋን ማጠብ ጀመረች። እናቴ «ድሮም ታጥቢ ነበር፤ አሁን ምን ሆንሽ» ትላት ነበር። ያኔ ልጅ ስለነበርኩ አልገባኝም። አሁን ሳስበው ሥራው አልጨመረም፤ ሰዎቹ ናቸው የተወሰዱት።

ልጅዎ ካዛንቺስ የት ነበር የምትውለው?

የጋቢናው | ረቡዕ ቀትር 6፡20

(ወረፋ ላይ ነኝ) ኡራኤል ሰንበት ትምህርት ቤት ትዘምር ነበር። ከበሮም ትመታለች። ከመጣን ወዲህ ሁለቴ ብቻ ነው የሄደችው። ከዚህ ሦስት ታክሲ ነው።

ቤት_ለቤት | ረቡዕ ከሰዓት 9፡00

ጡረታ ላይ ያለሁ ሴት ነኝ። መርካቶ ውስጥ «ብሩህ ተስፋ» የሚባለው ፕሮግራም በ1998 ዓ.ም. አካባቢ ሲጀመር ከሠሩት አንዷ ነበርኩ። ትምህርት ቤት የማይሄዱ፣ ከገጠር የመጡ፣ ሰው ቤት የሚሠሩ ልጆችን ቤት ለቤት እየዞርን እንሰበስብ ነበር። አሠሪዋን ለምነን፣ ቡናዋን ጠጥተን፣ «በሳምንት ጥቂት ሰዓት ልቀቂልኝ» ብለን። ስንቷ በሩን ፊታችን ላይ ዘግታዋለች! በሦስተኛው ቀን ግን ትከፍታለች።

ልጆቹን የምንጠይቃቸው ጥያቄ ቀላል ነበር። ቢቸግርሽ ገንዘብ የሚያበድርሽ ሰው አለ? ሌሊት ከቤት ብትባረሪ የምታድሪበት አለሽ? ከእኩዮችሽ ጋር ሳትፈሪ የምትገናኙበት ቦታ አለ? ብዙዎቹ ለሦስቱም «የለም»። የሚገርመው እኮ፣ ፊደል ሳይቆጥሩ፣ ምንም ሳይማሩ ገና፣ አንድ ክፍል ውስጥ አንድ ላይ ስለተቀመጡ ብቻ ፊታቸው ሲፈታ ነበር የምናየው። ስለ ጤና፣ ስለ ሰውነት፣ ስለ ገንዘብ ቁጠባ ያስተማርናቸው ከዚያ በኋላ ነው የገባቸው።

ልጅህ ቤት አላት፣ አባት አላት። ግን እነዚያን ሦስት ጥያቄዎች ጠይቃት። አንተን ሳትጨምር ትመልስ።

ቲቸር_ቂሊንጦ | ረቡዕ ማታ 1፡45

የስድስቱን ቀን ቀኑን ጠይቅ። መቅረቷን ትተህ መቼ መቼ እንደቀረች እይ። አስተማሪ ነኝ፤ የሥርዓተ ጾታ ክበቡም በኔ እጅ ነው። የአንዲት ልጅ አቴንዳንስ ከአፏ በላይ ያወራል።

ሦስት ተከታታይ ቀን ካየህ፣ በወሩ ደግሞ ከደገመ፣ የወር አበባ ነው። ስለዚህ ነገር ከአባት ጋር ማውራት ያሳፍራል፤ አውቃለሁ። እኛ ጋ ልጆቹ «ፔሬድ» ነው የሚሉት፤ እኔ ደግሞ ክፍል ገብቼ «ሦስተኛ ፔሬድ ፈተና አለ» ስል ወንዶቹ በሳቅ ይሞታሉ። ክበባችን አንዲት ትንሽ ክፍል አላት፤ ሞዴስ፣ ሳሙና፣ አንድ ትርፍ የዩኒፎርም ቀሚስ፣ ፍራሽ። ቁልፉ ሴት ተማሪዎቹ ጋ ነው፤ መጀመሪያ እኔ ጋ ነበር፣ ያኔ ማንም አይመጣም ነበር። የልጅህ ትምህርት ቤት እንዲህ ያለ ክፍል እንዳለው ጠይቅ።

ሞዴስ በየወሩ መግዛት ከከበደ ታጥቦ የሚለበስ አለ፤ ፍሬወይኒ መብራህቱ መቀሌ ላይ ማምረት የጀመሩት፣ በ2019 እ.ኤ.አ. የሲኤንኤን የዓመቱ ጀግና የተባሉበት። ግን አንድ ነገር፦ ያ ነገር ፀሐይ ላይ መድረቅ አለበት። ልጆቹ ያፍሩና ከፍራሽ ሥር ይደብቁታል፤ እርጥቡን መልሰው ይለብሱታል። በረንዳህ ላይ የልብስ ገመድ ካለህ፣ ከወደ ውስጥ በኩል ያለውን ለሷ ተውላት፣ ለወንዶቹም «ይሄ የእኅታችሁ ነው፣ አይነካም» በል። ሌላ ማብራሪያ አያስፈልግም።

የጋቢናው | ሐሙስ ማታ 3፡30

ዩኒት ሊደሩን ጠየቅሁት። ሦስቱ ተከታታይ ቀናት ናቸው፤ ቲቸር እንዳልከው። ሦስቱ ግን ሰኞ፣ ሰኞ፣ ሰኞ።

ሰኞ እንጀራ የሚጋገርበት ቀን ነው። ማታ ማታ የመብራቱ ኃይል ስለሚወርድ ምጣዱ አይግልም። እኔ ከወጣሁ በኋላ ጠዋት ትጋግራለች፣ ወንዶቹን ታለብሳለች፣ ታረፍዳለች፣ የትምህርት ቤቱ በር ይዘጋባታል። ዘበኛው «ወላጅ አምጪ» ይላታል። ወላጁ ደግሞ ቃሊቲ መናኸሪያ «ሳሪስ፣ ስታዲየም» እያስጮኸ ነው።

ብሎክ_ሰባት | ሐሙስ 3፡40

ውይ። እኔ ደግሞ ስልክ ንጠቃት አልኩ። አፈር ልብላ።

የጋቢናው | እሑድ ማታ 2፡00

ዛሬ ወንዶቹን ጎረቤት ትቼ እሷን ጋቢና አስቀምጬ ጋዝ ልሞላ ብዬ ወጣሁ። ፊት ለፊት ቁጭ ብዬ እንደማልችል አውቃለሁ፤ መንገድ መንገዱን እያየሁ ነው ያወራኋት። መጀመሪያ «ስለመታሁሽ ይቅርታ» አልኳት። አባቴ እንዲህ ብሎኝ አያውቅም፤ ቃሉ ጉሮሮዬን ሲያንቀው ነበር። ምንም አላለችም። መስኮት መስኮቱን ታያለች። ሲስተር ያለችውን ጥያቄም ጠየቅኋት። «መሞት አይደለም አባ፣ መተኛት ነው የምፈልገው» አለችኝ። የቤት ለቤቷን ሦስት ጥያቄ ስጠይቃት ሦስቱንም «እትዬ» ብላ ካዛንቺስ የነበረችውን ጎረቤታችንን ጠራች። እሷ ደግሞ ሌላ ቦታ ነው የደረሳት።

ቃሊቲ ልንደርስ ስንል ድንገት «አባ፣ ባጃጁ» አለች። የቱ ባጃጅ ስላት መጣ። ስታረፍድ ሌሎቹ ልጆች ስለሚሄዱ ያንን ባዶ ሜዳ ብቻዋን ነው የምታቋርጠው። አንድ ባጃጅ እየቆመ «በነጻ ላድርስሽ» ይላታል። አንዴ እምቢ ስትለው እጇን ያዛት፤ ቦርሳዋን ጥላ ሮጠች። ከዚያ ወዲህ ሰኞ ከረፈደባት ጭራሽ አትወጣም።

መኪናዋን ዳር አቆምኩ። እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር።

የድሮ_ሰው | እሑድ 2፡08

የት ነው ቦታው? አምስት ሆነን እንመጣለን። መስታወትም ጎማም አይተርፈውም።

ሲስተር_ከአቃቂ | እሑድ 2፡15

አይሆንም! ጎማውን ስታወጡለት አንተ ትታሰራለህ፣ ልጅቷ ደግሞ «በኔ ምክንያት» ብላ ሁለተኛ አፏን አትከፍትም። ልጆች ሳይነግሩን የሚቀሩት እኮ ይህንን ስለሚያውቁ ነው፤ ወይ አባት ይታሰራል፣ ወይ እሷ ከትምህርት ቤት ትቀራለች። @የጋቢናው፣ እባክህ፣ ለደህንነቷ ብለህ ቤት እንዳታስቀራት። ያኔ የተቀጣችው እሷ ናት።

እጇን ከመያዝ ያለፈ ነገር እንደሌለ አንድ ጊዜ ብቻ በእርጋታ አረጋግጥ፤ አትመርምራት። ይህን ለሚያነቡ ሌሎች ወላጆችም ልበል፦ ከዚያ ያለፈ ነገር ከደረሰ ሳትታጠብ፣ ልብሷንም ሳታጥቡ፣ በ72 ሰዓት ውስጥ ሆስፒታል። የኤች አይ ቪ መከላከያው ከዚያ ካለፈ አይሠራም። ጋንዲ መታሰቢያ ሆስፒታል ሕክምናውም፣ ምክሩም፣ የፖሊሱና የሕጉ ጉዳይም አንድ ላይ የሚያልቅበት ማዕከል አለው። ጠበቃ መክፈል ለማይችል የኢትዮጵያ ሴቶች የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር በነጻ ያማክራል።

የጋቢናው | እሑድ 2፡40

ከዚያ ያለፈ የለም፤ እግዚአብሔር ይመስገን።

ባጃጁን እንዴት እናገኘዋለን ብዬ ሳስብ፣ ቤት ስንገባ የሒሳብ ደብተሯን አመጣች። የመጨረሻው ገጽ ላይ የጎን ቁጥሩን ጽፋዋለች። ከሥሩ ሦስት ቀን፣ ሰዓቱ ጭምር። ስለ ባጃጁ ለማንም ትንፍሽ ሳትል ይህን ስታስቀምጥ ከርማለች። እኔ ደሞ «ደብተርሽን አሳዪኝ» ብያት እንኳ አላውቅም።

ጀሞ_ያደግኩ | እሑድ 2፡44

ሬዲዮዋ አልተበላሸችም ጋሼ፤ ድምፅ ቀንሳ ነበር እንጂ። ክሱን ስታስገቡ ራሷ ታንብበው።

ብሎክ_ሰባት | እሑድ 3፡10

ቆይ፣ ያ ባዶ ሜዳ ከውሃ ታንከሩ በታች ያለው ነው? የኔም ልጅ በዚያው ነው የምትሄደው፤ ሰባተኛ ክፍል ናት። ብሎክህ ስንት ነው? እኔ ሰባት፣ አንደኛ ፎቅ። ሰኞ ጠዋት 1፡15 በሬ ላይ ትምጣ፤ ከኔዋና ከላይኛው ፎቅ መንትዮች ጋር አራት ሆነው ይሄዳሉ። የሰኞውን እንጀራ ደግሞ ለኔ ተወው። ቅዳሜ ቅዳሜ እጋግራለሁ፤ ጤፉን ካቀረብክ የናንተንም አብሬ አወጣለሁ። እሷ ብትመጣ ደግሞ ለወሬ ትምጣ እንጂ ምጣዴን አላስነካትም።

የጋቢናው | ዓርብ ማታ 3፡15

ለጠየቃችሁ። ሰኞ አንድ ሥራ ጥዬ አብሬያት ኮሚኒቲ ፖሊስ ሄድን። ልጁ ወጣት ፖሊስ ነው፤ መጀመሪያ እኔን ነበር የሚያናግረው፤ «እሷን ጠይቃት፣ ያየችው እሷ ናት» አልኩት። ደብተሯን አውጥታ አነበበችለት። የባጃጆቹ ማኅበርም ቁጥሩን አውቆታል። ከዚያ መስመር አንሥተነዋል ብለዋል፤ እናያለን፤ ክሱ ግን ገብቷል።

ረቡዕ ጤና ጣቢያ ሄድን። ሐኪሟ እኔን «አባቴ፣ ውጭ ይጠብቁ» አለችኝና ግማሽ ሰዓት ለብቻቸው አወሩ። ምን እንዳወሩ አልጠየቅሁም። ደሟ ትንሽ አንሷል፤ የብረት እንክብል ሰጥተዋታል፣ ከሻይና ከቡና ጋር እንዳትውጪው ብለዋታል። በሁለት ሳምንት ተመለሺ ተብላለች። ጥሩ ሆናለች ብዬ አልዋሻችሁም፤ አሁንም ቶሎ ትተኛለች። ትናንት ግን ትልቁ ወንድሟ ሰሃን ሲያጥብ «ሳሙናውን ጨረስከው!» ብላ ስትጮህበት ሰማሁ። ሰሃኑ አሁን የሱ ነው፤ በተራ ደግሞ የኔ።

ሞዴስም ገዛሁ። ባለሱቁ ጋዜጣ ውስጥ ጠቅልሎ፣ ጥቁር ፌስታል ውስጥ ከትቶ፣ ፌስታሉን ቋጥሮ ሰጠኝ። አረቄ የገዛሁ ነው የመሰለኝ። ቤት ስገባ እሷ ሳቀችብኝ፤ ለካ ዓይነቱን ተሳስቻለሁ።

ቤት_ለቤት | ዓርብ 3፡40

ኡራኤልስ?

የጋቢናው | ዓርብ 3፡52

ነገ 22 ነው እኮ። ከሰንበት ትምህርት ቤት ጓደኞቿ ሁለቱ አራብሳ ነው የደረሳቸው፤ እነሱም ይመጣሉ፤ እዚያ ለመገናኘት በኔ ስልክ ተቀጣጥረዋል። ነጠላዋን ከአሁኑ አጥፋ ወንበር ላይ አስቀምጣለች። በወር አንዴ፣ በ22፣ ትራንስፖርቱን ከኔ ብያታለሁ። የብሎክ ሰባቷም ልጅ ልከተል ብላለች።

አንድ ጥያቄ ግን። ከኡራኤል ወደ ገላን ከምሽቱ 12 ሰዓት በኋላ በየት በኩል ነው ታክሲ የሚሻለው? በሳሪስ ወይስ በጎሮ?

የድሮ_ሰው | ዓርብ 3፡55

አንተ ሹፌር አይደለህ እንዴ?!

የጋቢናው | ዓርብ 3፡57

መኪናዋ ጋራዥ ናት። ነገ ተሳፋሪ ነኝ።

ቲቸር_ቂሊንጦ | ዓርብ 4፡02

በሳሪስ። በጎሮ ሰልፉ አያልቅም።